ዘጠነኛው ተጠባባቂ
(በሬዲዮ ከተነገረው)



በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳን ጠባይ ያውቀዋል። ለሹመትም ሆነ ለትምህርት የተመረጡት ሰዎች ስም ከላይ ይጻፍና፥ ከእነርሱ ሥር አንድ መሥመር ተሠምሮ «ተጠባባቂዎች» የሚል ርእስ ይከተላል። ከመሥመሩ በላይ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ የምሥራቹን ለቤተ ሰቡ ይናገራል። ስሙ ጨርሶ ያልተጻፈውም ጥቂት አዝኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከመሥመሩ በታች ያለው ሰው ግን ሊደሰትም ሊያዝንም አይችልም። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የውጭ አገር ትምህርት ሁለተኛ ተጠባባቂ ተብዬ፥ ሻንጣዬን በግማሽ አሰናድቼ አንድ ክረምት ሙሉ ቈይቻለሁ። በዚያ ክረምት የተመረጡትን ሰዎች በመንገድ ባገኘኋቸው ቍጥር ስለ ጤንነታቸው አብዝቼ እጠይቅ እንደ ነበር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁሉም ደኅና ነበሩ፤ ሁሉም ሄዱ።

ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ በእንዲህ ያለው መሥመር ሥር፥ ያውም በዘጠነኛ ተራ፥ ስሙ ተጽፎ ስለ ነበረ አንድ ሰው ነው። ነገሩ የተፈጸመው በሰሜን አሜሪካ፥ በጎልፍ ሜዳ ላይ፥ ከነሐሴ 2 እስከ ነሐሴ 5 ቀን 1983 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከኦገስት 8 እስከ 11 ቀን 1991 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ክረምት በአገራችን መንግሥት ከተለወጠ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበርና፥ አባቶቻችን በሬዲዮ የሚከታተሉት ሌላ ብርቱ ወሬ ነበራቸው፤ የጎልፍ ወሬ ወደዚህ ቢደርስም የሚሰማው አልነበረም። ከዚህ በኋላ ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አድማጮች ጥቂት ልናገር። ጎልፍ በስኮትላንድ ያደገ ጨዋታ ሲሆን፥ አንዲትን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ ሣር ሜዳ ላይ ወደ ተቈፈሩ 18 ቀዳዳዎች በየተራ ማስገባት ነው። ምት ያነሰው ሰው ያሸንፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች አራት ቀን ይፈጃሉ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግማሽ ያህሉ ይሰናበታል፤ የቀረው ቅዳሜና እሑድ ይጫወታል። እጅግ የከበሩት ውድድሮች በዓመት አራት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1916 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር በዚያው ዓመት የጀመረው ሻምፒዮና ነው። የ1991ዱ ሻምፒዮና 73ኛው ነበር።

ወደ ተጠባባቂው ጕዳይ እንመለስ። በእንዲህ ያለ ውድድር የሚሰለፈው ሰው 150 ያህል ነው፤ ከዚህ ቢበዛ ረጅም በሆነው በበጋቸው ቀን እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሊጨርሱ አይችሉም። ስለዚህ ለመሰለፍ ተቃርበው ለጥቂት ያልደረሱ ሰዎች በውጤታቸው ቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። ከተመረጡት አንዱ ወገቡን ቢያመው ወይም ሐዘን ቢደርስበት ቦታው ከዝርዝሩ ራስ ላይ ላለው ይሰጣል። አራቱ ታላላቅ ውድድሮች በዚህ ነገር አንድ ዐይነት ልማድ የላቸውም። በጆርጂያ ግዛት በኦጋስታ ከተማ የሚደረገው ማስተርስ በጥሪ ብቻ የሚደረግ ስለ ሆነ ተጠባባቂ የሚባል አያውቅም፤ ጥሪ የደረሰው ሰው ቢቀር ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። የብሪታንያው ኦፕን ተጠባባቂዎቹን የሚጠራው በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። የአሜሪካው ኦፕን ደግሞ በየቦታው ካደረገው ማጣሪያ ለጥቂት የቀሩትን ይጠራል።

የተጠባባቂ ኑሮ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። የጎልፍ ባለሙያ ደመወዝ የለውም፤ የውሎ አበል የሚቈርጥለት መሥሪያ ቤትም የለውም። የመንገዱን፥ የሆቴሉንና የዱላ ተሸካሚውን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል፤ በአብዛኛው ውድድር በሁለተኛው ቀን ከተሰናበተም አንድ ሳንቲም ሳያገኝ ይመለሳል። ተጠባባቂው ከዚህ በባሰ ሁኔታ ይኖራል፤ ይህን ሁሉ አውጥቶ አንድ ኳስ እንኳ ሳይመታ ሊመለስ ይችላልና። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፥ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ከመነሣታቸው በፊት ሜዳው ላይ ይገኛል። በመለማመጃው ሥፍራ ኳስ ይመታል፤ ነገር ግን ድንገት ቢጠራ ክንዱ ዝሎ እንዳይገኝ ብዙ አይመታም። ሊጠራ የሚችለው ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስለ ሆነ ምሳውን ዐርፎ አይበላም። ተጫዋቾቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በየተራቸው ሲነሡ ይቈጥራል። ከቀትር በኋላ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ሲነሡ ተጠባባቂነቱ ያበቃል። በዚያን ጊዜ ማንም መጥቶ ሂድ አይለውም፤ የሚያጽናናውም የለም። ዱላዎቹን በመኪናው ላይ ጭኖ ይሄዳል።

ዘጠነኛው ተጠባባቂ ጆን ዴሊ ይባላል። በ1966 ዓመተ ምሕረት በካሊፎርኒያ ተወልዶ፥ ዳርዳኔል በምትባል በአርካንሶ ግዛት ባለች ትንሽ ከተማ አድጓል። በዚያ ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት፥ በታላላቆቹ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥም የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ወደ አኅጉራችን መጥቶ በደቡብ አፍሪካና በዚያን ጊዜ ስዋዚላንድ ትባል በነበረችው አገር ተጫውቶ አሸንፏል፤ በአሜሪካ ግን ስሙን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነበር። የሚታወቅበት ነገር ቢኖር ኳስን አርቆ መምታት ነው። ዱላውን ከራሱ በላይ አሳልፎ ወደ ጀርባው እስኪወርድ ድረስ ይወዘውዘው ነበር። መምህራን ተማሪዎቻቸው እንዲህ እንዳያደርጉ የሚከለክሉት አመታት ነው። ቢሆንም በ1991 ዓመተ ምሕረት ከአሜሪካ ባለሙያዎች ሁሉ አብልጦ የመታ እርሱ ነበር፤ የመጀመሪያ ምቱ በአማካይ 288.9 ያርድ፥ ማለት 264 ሜትር ያህል ይሄድ ነበር።

ሻምፒዮናው የሚደረገው በኢንዲያና ግዛት፥ ካርመል በምትባል ከተማ፥ ክሩክድ ስቲክ በተባለው ሜዳ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ከተመረጡት ተጫዋቾች አንዳንዶቹ በየምክንያታቸው ስለ ቀሩ ዝርዝሩ ከላይ እየተቃለለ፥ የዴሊም ስም ወደ ላይ እየተሳበ ሄደ። ረቡዕ ዕለት እርሱ ገና በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ነበር። ውድድሩ ሐሙስ ጧት ይጀመራል። ሜምፊስ ከካርመል ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቀሌ እንደ መድረስ ያለ መንገድ ነው። ቦታ ተገኝቶልሃል ያለው ሰው አልነበረም። ቢሄድም ምናልባት ከሜዳው ዳር ቆሞ ሌሎች ሲጫወቱ አይቶ ይመለስ ይሆናል። ዱላዎቹን ጫነና በዚያው ማታ መንገድ ጀመረ።

እርሱ በመንገድ ላይ ሳለ ኒክ ፕራይስ ስሙን ሰረዘ። ፕራይስ በደቡብ አፍሪካ በደርባን ተወልዶ በዚምባብዌ ያደገ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በቴክሳስ ግዛት አንድ ትልቅ ውድድር ያሸነፈ፥ በሙሉ ኀይሉ ላይ የነበረ ተጫዋች ነው። ወደ ካርመል የሄደ እንደ ሆነ የማሸነፍ ተስፋ ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበርና ከእርስዋ ጋር መሆንን መረጠ። ቦታው በተራ ለሦስት ሰዎች ቀረበ፤ ለቢል ሳንደር፥ ለማርክ ላይና ለብራድ ብራያንት። ሦስቱም አንመጣም አሉ። አራተኛው ዴሊ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሆቴሉ ደርሶ ወደ ክፍሉ ሲገባ፥ መልእክት መኖሩን የምታመለክተው የስልኩ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ነበር። መልእክቱም ፕራይስ መቅረቱንና ቦታው የእርሱ መሆኑን የሚገልጽ ነበር።

ሦስቱን ሰዎች እምቢ በማለታቸው መንቀፍ ቀላል ነው፤ ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩም ሦስቱን ለዴሊ ጌጥ አድርገው ብቻ ያነሣሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ሳንደር በ1976 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ አማተሮች ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ላይ በ1983 ዓመተ ምሕረት በቦስተን አጠገብ የባለሙያዎችን ውድድር አሸንፏል። ብራያንት ሥራውን የሚያውቅ የብዙ ዓመት ባለሙያ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ማታ ተጠርቶ፥ ከአሜሪካ እጅግ ረጃጅም ሜዳዎች አንዱ በሆነው፥ ወጥመዱን በማያውቀው ሥፍራ ላይ ጧት ተሰለፍ ቢባል፥ አይሆንም ማለቱ ፈሪ አያሰኘውም። የትልቅ ውድድር ባለሙያ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሜዳውን በእግሩ ሲለካ ይሰነብታል፤ ነፋሱን፥ የሣሩን ቁመት፥ የአሸዋ ጕድጓዶቹን ርቀት በማስታወሻው ይጽፋል። ይህን ሳያደርግ መሰለፍ የሂሳቡን መዝገብ ሳያይ ለኦዲተር ፊት እንደሚቀርብ ገንዘብ ያዥ መሆን ነው። በዚያ ሌሊት ባለው ዕውቀት ብንመዝነው፥ የተሳሳተ ሂሳብ ያደረገው ዴሊ ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከሦስቱ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። እነርሱ ጥሪው ሲደርሳቸው ለመነሣት ወይም ለመቅረት መወሰን ነበረባቸው፤ እርሱ ግን ጥሪው ከመድረሱ በፊት መንገዱን ጨርሶታል። ዕድሉ ለአራት ሰዎች በተራ የቀረበ ዕድል ነበር። እኔ ያንን ክረምት ሻንጣዬን በግማሽ ብቻ ያሰናዳሁት ለምን እንደ ሆነ ይህን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ።

በክሩክድ ስቲክ ሁለት ነገሮች ጠበቁት። የመጀመሪያው ዱላ ተሸካሚው ነው። በጎልፍ ቋንቋ ካዲ የሚባለው ይህ ሰው ሸክም ብቻ የሚይዝ አይደለም፤ ርቀቱን ይለካል፥ ዱላውን ያማርጣል፥ ጌታው ሲቈጣ ያበርደዋል። የፕራይስ ካዲ ጄፍ ሜድለን ለፕራይስ ብሎ መጥቶ ሳለ ጌታው ስለ ቀረ ያለ ሥራ ቀርቶ ነበር። ድምፁ ቀጭን ስለ ነበር ጓደኞቹ በዚያው በድምፁ ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። ስለዚህ ዴሊ ከፕራይስ ቦታውን ብቻ ሳይሆን የሚመክረውንም ሰው ወረሰ። ሜዳውን አይቶት የማያውቀው ሰው፥ ሥራውን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተገናኘ። ሜድለን በየመነሻው ላይ ብዙ ቃል አይናገርም ነበር፤ «ግደለው» ብቻ ይለው ነበር ይባላል። ዴሊም ኳሱን በሙሉ ኀይሉ ይመታ ነበር።

ሁለተኛው ሜዳው ራሱ ነው። ክሩክድ ስቲክን የነደፈው ፒት ዳይ የተባለ፥ ተጫዋችን በማስቸገር ስሙ የወጣ የሜዳ መሐንዲስ ነው። ርዝመቱ ከ7,200 ያርድ በላይ፥ ማለት ከስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ነበር። ዳይ የአሸዋ ጕድጓዱንና ውሃውን ያስቀመጠው የአንድ ጥሩ ባለሙያ ኳስ በሚያርፍበት ርቀት ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ወይ በጠባቡ በኩል እንዲያልፍ፥ ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ ረጅም ሁለተኛ ምት እንዲመታ ተገዷል። የዴሊ ኳስ ግን ከወጥመዱ በላይ እየበረረ ማዶ ያርፍ ነበር። ሌሎቹ በረጅም ዱላ የሚመቱትን ሁለተኛ ምት እርሱ በአጭር ዱላ ይመታው ነበር። ስለ ዕድሉ ሲነገር የሚዘነጋው ይህ ነው። ያን ሳምንት ሻምፒዮናው ጠባብና አጭር በሆነ ሜዳ ላይ ቢደረግ ኖሮ፥ ዘጠነኛው ተጠባባቂ ምናልባት ዓርብ ማታ ወደ ሜምፊስ በተመለሰ ነበር።

ሐሙስ በ69 ምት ጨረሰ። ዓርብ 67 መትቶ መሪ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ማን ነው ይህ እያለ ይከተለው ጀመር። ወፍራም፥ ፀጕሩ የነጣ፥ ሲጋራውን የማይለይ የገጠር ልጅ ነበርና፥ በጎልፍ ሜዳ ማየት የለመዱትን ጨዋ ሰው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ይህ ሳያስወድደው አልቀረም። ቅዳሜ ዳግመኛ 69 መታ። በዚያው ማታ በአቅራቢያው ባለችው በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የአሜሪካን እግር ኳስ ሊመለከት ቢሄድ፥ በስታዲዮሙ የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ረቡዕ ማታ በዚያው ከተማ በኩል ሲያልፍ ማንም አያውቀውም ነበር። እሑድ 71 መትቶ በጠቅላላው በ276 ምት፥ ሁለተኛ የወጣውን ብሩስ ሊትስኪን በሦስት ምት በልጦ አሸነፈ። ሽልማቱም 230,000 ዶላር ነበር።

በዚያ ሳምንት ሌላም ነገር ሆኗል፤ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጐዶሎ ይሆናል። ሐሙስ ዕለት ማዕበል ተነሥቶ ጨዋታው ሲቋረጥ፥ ሊመለከት የመጣ አንድ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት መኪና ማቆሚያው አጠገብ በመብረቅ ተመትቶ ሞተ። ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ በሚኒሶታ ግዛት በሄዝልቲን በተደረገው የአሜሪካ ኦፕንም እንዲሁ አንድ ተመልካች በመብረቅ ሞቶ ነበር። ዴሊ ካገኘው ሽልማት 30,000 ዶላር ለሟቹ ልጆች ትምህርት ሰጠ። በኋላ ዘመን ስለዚህ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ተጽፏል፤ የተጻፈውም አብዛኛው እውነት ነው። በዚያ ሳምንት ግን፥ ከጥቂት ቀናት በፊት ገቢው የማይታወቅ ጀማሪ የነበረ ሰው ይህን አድርጓል።

የተጠባባቂነት አስቸጋሪው ጠባይ፥ ተስፋው ሁልጊዜ በሌላ ሰው መቅረት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ዴሊ በዚህ ነገር ዕድለኛ ነበር፤ ቦታው የተከፈተው በልደት ምክንያት ነውና የሚያሳፍረው ነገር አልነበረውም። ሁሉም እንዲህ አይሆንለትም። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1992፥ በአውሮፓ የእግር ኳስ ዋንጫ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ዩጎስላቪያ በማጣሪያው ዴንማርክን ቀድማ አልፋ ሳለ፥ በአገርዋ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ስለ ጣለባት፥ ውድድሩ ሊጀመር ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው ከውድድሩ ተሰረዘች። ዴንማርኮች በጥድፊያ ተጠርተው ወደ ስዊድን ሄዱ፤ ሰኔ ላይም በጎተንበርግ ከተማ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ደስታቸው ተገቢ ነበር። ቦታውን የለቀቁላቸው ሰዎች አገር ግን በዚያን ጊዜ እየተቃጠለ ነበር።

ፕራይስስ ምን ሆነ? ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ቦታውን የለቀቀ ሰው ከታሪኩ የወጣ ይመስላልና። ፕራይስ በ1992 ዓመተ ምሕረት ወደዚያው ሻምፒዮና ተመለሰ። በዚያ ዓመት ውድድሩ የተደረገው በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አጠገብ በቤልሪቭ ሜዳ ነበር፤ በ278 ምት፥ በሦስት ምት ብልጫ አሸነፈ። ዱላውን የተሸከመለትም ያው ጄፍ ሜድለን ነበር። ስለዚህ ሜድለን አንዱን ሻምፒዮና በተከታታይ ሁለት ዓመት ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ጋር አሸነፈ። ሁለቱ በ1994 ዓመተ ምሕረት አብረው የብሪታንያውን ኦፕንና የአሜሪካ ባለሙያዎችን ሻምፒዮና አሸነፉ፤ ፕራይስም በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሜድለን በ1997 ዓመተ ምሕረት በደም ካንሰር ዐረፈ።

ዴሊ በ1995 ዓመተ ምሕረት በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ፥ ኮስታንቲኖ ሮካ ከተባለው ኢጣሊያዊ ጋር እኩል ሆኖ በተጨማሪ ጨዋታ የብሪታንያውን ኦፕን አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ተጠባባቂ አልነበረም። ከዚያ በኋላ መጠጥና ቁማር ብዙ ዓመቱን በሉበት፤ ያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን በቁማር ቤት እንደ ጣለ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ነገር ብዙ ለመናገር አልወድም። ነገር ግን የዚያ ሻምፒዮና አሸናፊ ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ውድድር የመሰለፍ መብት ስላለው፥ በ2019 ዓመተ ምሕረት በኒውዮርክ ግዛት በቤዝፔጅ ሜዳ ላይ የ53 ዓመት ሰው ሆኖ ተሰልፎ ነበር። ጕልበቱን ታምሞ መራመድ ስለ ከበደው፥ ሌሎች በእግራቸው ሲሄዱ እርሱ በትንሽ መኪና ተፈቅዶለት ይጫወት ነበር። በዚያ ሳምንት ጧት ጧት በመለማመጃው ሥፍራ ስማቸው እስኪጠራ የሚጠባበቁ ሌሎች ተጠባባቂዎች ነበሩ።

እምቢ ካሉት ሦስት ሰዎች ስለ አንዱ፥ ስለ ብራድ ብራያንት፥ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብራያንት እስከዚያ ሌሊት ድረስ በታላላቆቹ ባለሙያዎች ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበር። በ1995 ዓመተ ምሕረት በፍሎሪዳ ግዛት የመጀመሪያውን አሸነፈ። ከዚያም በ2007 ዓመተ ምሕረት፥ 50 ዓመት የሞላቸው ተጫዋቾች በሚሰለፉበት በአሜሪካ የአንጋፋዎች ኦፕን ተወዳድሮ ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩ የተደረገው በዊስኮንሲን ግዛት በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ዊስሊንግ ስትሬትስ በተባለው ሜዳ ላይ ነው። ያንንም ሜዳ የነደፈው ፒት ዳይ ነበር።